ብዙ ሲቀርብልን ለምን ብዙ እንበላለን?

አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ረሃብ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ቢቀርብለት ሁለቱንም ቀን እኩል በልቶ የሚነሣ ይመስለናል። የመጀመሪያው ቀን ምግብ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ቢሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያም እጥፍ ቢሆን፣ ሰውየው ሲጠግብ ትርፉን ይተወዋል ብለን እንገምታለን። ላለፉት በርካታ ዓመታት በተደጋጋሚ የተሠሩ ሙከራዎች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ሰዎች በጥቅሉ ብዙ ሲቀርብላቸው ብዙ ይበላሉ፤ አብዛኞቹም አብዝተው መብላታቸውን አያውቁትም። ይህን ማስተዋል የሚያስፈልገው፣ ከመጠን በላይ መብላት ብዙውን ጊዜ የሆዳምነት ወይም የፈቃድ ድክመት ተደርጎ ስለሚቆጠርና ሰዎች በማይገባቸው ነገር ራሳቸውን ስለሚወቅሱ ነው።

«ድርሻ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ድርሻ የምንለው፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲበላው ወይም እንዲጠጣው ፊቱ የቀረበለትን መጠን ነው። በሰሃን የቀረበ ምግብ፣ በብርጭቆ የተቀዳ መጠጥ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ የታሸገ ብስኩት ሁሉም ድርሻ ናቸው።

ይህ ቃል በታሸጉ ምግቦች ላይ ከሚጻፈው የመመዘኛ መጠን ጋር መምታታት የለበትም። የመመዘኛ መጠን በማሸጊያው ላይ የተዘረዘሩት የካሎሪ፣ የስኳርና የጨው ቁጥሮች ለምን ያህል ምግብ እንደተሰሉ የሚነግረን መለኪያ ነው። ብዙ ሰው «ይህን ያህል ብላ» የሚል ምክር አድርጎ ያነበዋል፤ ነገር ግን ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ይህ መጠን የሚወሰነው ሰዎች በተለምዶ ከሚበሉት ተነሥቶ ነው፤ መብላት ከሚገባቸው ተነሥቶ አይደለም። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ደንቡን ሲያሻሽል የአይስክሬም መመዘኛ ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ከፍ ያለውም ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚበሉት ስለጨመረ እንጂ አይስክሬም አብዝቶ መብላት ለጤና ይበጃል ተብሎ አልነበረም።

የድርሻ ተጽዕኖ በእርግጥ ምን ያህል ነው?

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ለጉዳዩ ጥሩ መግቢያ ነው። 51 ወንዶችና ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአራት ሳምንታት፣ ምሳቸውን በቤተ ሙከራው እንዲበሉ ተደረገ። የቀረበላቸው ምግብ ሁልጊዜ በአይብ የተሠራ ማካሮኒ ሲሆን፣ የሚለያየው መጠኑ ብቻ ነበር፤ 500፣ 625፣ 750 ወይም 1,000 ግራም። ትንሹ ድርሻ እንኳ ለአንድ ሰው ምሳ የሚያንስ አይደለም፤ ያሻውን ያህል መብላትም ሆነ ማስተረፍ ለእያንዳንዱ የተተወ ነበር። እንዲያም ሆኖ፣ ትልቁ ድርሻ በቀረበበት ቀን ሰዎቹ ከምግቡ ያገኙት ኃይል (ካሎሪ) ትንሹ ከቀረበበት ቀን በ30 በመቶ በለጠ።

እኔን ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚያስገርመኝ፣ ከምግቡ በኋላ የተጠየቁት ጥያቄና የሰጡት መልስ ነው። ምን ያህል እንደራባቸውና ምን ያህል እንደጠገቡ ሲጠየቁ፣ ብዙ በበሉበትም ሆነ ጥቂት በበሉበት ቀን መልሳቸው ተቀራራቢ ነበር። ይህም ማለት አብዝተው የበሉት 30 በመቶ፣ ተጨማሪ እርካታ እንኳ አልሰጣቸውም። የቀረበላቸው መጠን ከሳምንት ሳምንት ይለያይ እንደነበር ያስተዋሉት ደግሞ ከግማሽ በታች፣ ማለትም 45 በመቶ ብቻ ነበሩ።

አንድ ምሳ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሰው ዛሬ ቢያበዛ ነገ ይቀንሳል፣ ሰውነትም ሒሳቡን ራሱ ያስተካክላል የሚለው ግምት ምክንያታዊ ይመስላል። ይኸው ቡድን ይህን ለመፈተሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ተሳታፊዎች ለ11 ቀናት የሚበሉትንና የሚጠጡትን ሁሉ አቀረበላቸው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሌሎች 11 ቀናት ያንኑ ምግብ ድርሻውን በ50 በመቶ ጨምሮ ሰጣቸው። ድርሻው በጨመረባቸው ቀናት ሰዎቹ በአማካይ በየቀኑ 423 ኪሎ ካሎሪ አብዝተው በሉ። ጭማሪው እየዋለ እያደረ ይቀንሳል ተብሎ ቢጠበቅም አልቀነሰም፤ በ11 ቀናት ውስጥ ድምሩ ከ4,600 ኪሎ ካሎሪ በላይ ደረሰ፤ ይህም ለብዙ አዋቂዎች የሁለት ቀን ምግብ ነው።

ነጠላ ጥናት ሊሳሳት ስለሚችል፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው የመረመሩ ሥራዎች ይበልጥ ይታመናሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ በሚገመግመው በኮክሬን ድርጅት አማካይነት የታተመው ግምገማ 72 ጥናቶችንና ከ6,700 በላይ ተሳታፊዎችን የያዘ ሲሆን፣ ትልቅ ድርሻ ወይም ትልቅ ማሸጊያ የቀረበላቸው ሰዎች በቋሚነት አብዝተው እንደሚበሉና እንደሚጠጡ አረጋግጧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ ድርሻ እጥፍ ሲሆን የሚበላው መጠን በአማካይ በ35 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ድርሻ እጥፍ ሲሆን አበላል እጥፍ አይሆንም። ሰው የቀረበለትን ሁሉ የሚውጥ ጉድጓድ አይደለም፤ ድርሻው እየተለቀ በሄደ ቁጥርም ተጽዕኖው እየለዘበ ይሄዳል። ሰውነት የራሱ ድምፅ አለው፤ ችግሩ ድምፁ ዝቅ ያለና የሚዘገይ መሆኑ ነው።

ሰውነታችን ስንጠግብ አይነግረንም?

ይነግረናል፤ መልእክቱ ግን በአንድ መንገድና በአንድ ፍጥነት አይደርስም። ምግብ ሲገባ ጨጓራ ይለጠጣል፤ መለጠጡን የሚገነዘቡ የነርቭ ጫፎችም ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል ለአንጎል ያሳውቃሉ። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲሻገር፣ በተለይ ስቡና ፕሮቲኑ፣ የአንጀት ግድግዳ ኮሌሲስቶካይኒንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል፤ እነዚህም ጥጋብን ያበረታሉ። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን የስብ ክምችት ለአንጎል የሚያሳውቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን አለ፤ የእሱ ሥራ ግን በቀናትና በሳምንታት የሚለካ እንጂ በአንድ ማዕድ የሚታይ አይደለም።

ነገሩን እንዲህ እናስበው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ላለ ወንድሙ በየጊዜው ገንዘብ ይልካል፤ ወንድሙም «ይበቃኛል» ብሎ መልስ የሚጽፈው ገንዘቡ ሲደርሰው ነው። ደብዳቤው መንገድ ላይ እያለ ላኪው መላኩን ይቀጥላል። በፍጥነት የሚበላ ሰውም በዚሁ ሁኔታ ላይ ነው፤ የሆርሞኖቹ መልእክት ተሟልቶ አንጎል ጋ ሲደርስ ሰሃኑ ቀድሞ ባዶ ሆኗል።

ጥጋብን የሚወስነው ሆድ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ በጣም በሚያሳዝን ሁኔታ ያስተማሩን የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ሁለት ሕሙማን ናቸው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሮዚን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 እንደዘገቡት፣ እነዚህ ሰዎች ምሳቸውን በልተው ከጨረሱ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ምሳ ሲቀርብላቸው እንደገና ይበሉ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛም ቢመጣ መብላት ይጀምሩ ነበር። ሆዳቸው ሙሉ ነው፤ የጎደለው «በልቻለሁ» የሚለው ትዝታ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጠግቤያለሁ» የሚለው ስሜት፣ ከሆድ የሚመጣውን ምልክት፣ ያየነውን፣ የምናስታውሰውንና ተገቢ ነው ብለን የምናምነውን መጠን አንድ ላይ አዋህዶ አንጎል የሚደርስበት ፍርድ ነው ማለት ይቻላል። ድርሻ የሚገባውም በዚህ በር ነው።

ታዲያ የቀረበልን መጠን እንዴት ያሸንፈናል?

ተመራማሪዎች አንድ ብቸኛ ምክንያት ላይ አልተስማሙም፤ ምናልባትም አንድ ብቻ የለም። በብዙዎች ዘንድ ክብደት የሚሰጠው ግን የልክ ስሜት ነው። ሰው ፊቱ የቀረበለትን ሲያይ፣ ያቀረበው ሰው ወይም ድርጅት «የአንድ ሰው ልክ ይህ ነው» ብሎ የወሰነ ያህል ይቀበለዋል። ማንም ሰው ከመብላቱ በፊት ተቀምጦ ዛሬ ስንት ግራም እንደሚያስፈልገው አያሰላም፤ ሊያሰላም አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ መልሱ ሰሃኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ነገር፣ አንድን ነገር እንደ አንድ ሙሉ ነገር የማየት ዝንባሌያችን ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ዓይኑ በደከመበት መስመር ላይ ሳይሆን ምዕራፉ ባለቀበት ቦታ ነው፤ ምዕራፉ ረጅም ከሆነ ብዙ ያነባል፣ አጭር ከሆነ ጥቂት። ምግብም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰሃን፣ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ፍሬ ብስኩት የራሱ መጨረሻ አለው፤ ያ መጨረሻም የማቆሚያ ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሙከራ ተመራማሪዎች ለአላፊ አግዳሚው በነጻ እንዲወሰድ ከረሜላ በሳህን አስቀምጠው ነበር፤ ማንም የፈለገውን ያህል ደጋግሞ መጭለፍ ይችላል። ትልቅ ማንኪያ በተቀመጠባቸው ቀናት የተወሰደው ከረሜላ ትንሽ ማንኪያ ከተቀመጠባቸው ቀናት በእጅጉ በልጧል።

የአጎራረስ ለውጥም አለ። ብዙ ሲቀርብ ሰዎች የሚጎርሱት መጠን ይተልቃል፤ ይህም በሕፃናት ላይ ሳይቀር ታይቷል። ትልቅ ጉርሻ ማለት በደቂቃ ውስጥ ብዙ ምግብ ማለት ሲሆን፣ የዘገየው የሆድ መልእክት ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል። ምግብ ማባከን ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሰሃኑን አራቁቶ መነሣቱም ይታከልበታል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው በጊዜ ሂደት ልኩን ራሱን ይለውጡታል። በአሜሪካ በገበያ ላይ የሚሸጡ ምግቦችን የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ድርሻዎች መተለቅ የጀመሩት በ1970ዎቹ ሲሆን በ1980ዎቹ በፍጥነት አድገው ከዚያም ቀጥለዋል። ለሻጩ የጥሬ ምግቡ ዋጋ ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ ክፍል ሊሆን ስለሚችል፣ በጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ብዙ መስጠት ያዋጣዋል፤ ገዢውም ያተረፈ ይመስለዋል። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ ግን ትልቁን ድርሻ ትልቅ ብሎ አያውቀውም፤ ለእሱ ልኩ ያ ነው።

ሕፃናትስ?

ሕፃናት ሲወለዱ ከረሃባቸው ጋር የሚናበቡ፣ ሲጠግቡ ፊታቸውን የሚያዞሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት የሦስት ዓመት ልጆች የድርሻ ማደግ ብዙም እንዳልነካቸው፣ የአምስት ዓመት ልጆች ግን ብዙ ሲቀርብላቸው ብዙ እንደበሉ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ተጽዕኖውን ከዚያም ባነሰ ዕድሜ ስላገኙት፣ ለውጡ በዚህ ዓመት ይጀምራል ብሎ መስመር ማስመር አይቻልም።

ለወላጆች የሚጠቅመው ሌላ ግኝት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ልጆች የዋናው ምግብ ድርሻቸው እጥፍ ሲሆን ከዚያ ምግብ 25 በመቶ ያህል አብዝተው በሉ፤ ራሳቸው እንዲያወጡ ሲፈቀድላቸው ግን ትልቁ ድርሻ ከቀረበላቸው ጊዜ 25 በመቶ ያነሰ በሉ። ይህን ውጤት ለአዋቂዎች እንዳለ መውሰድ እንደማይገባ መጠቆም አለብኝ። በማካሮኒው ጥናት ከተሳተፉት መካከል የተወሰኑት ምግቡን ከማቅረቢያው ራሳቸው ነበር የሚያወጡት፤ ማቅረቢያው ብዙ በያዘ ቁጥር እነሱም እንደሌሎቹ አብዝተው በልተዋል።

ትልቅ ድርሻ ሁሉ ይጎዳል ማለት ነው?

አይደለም፤ በእኔ አመለካከት ከዚህ ሁሉ ምርምር ለዕለት ኑሮ ይበልጥ የሚጠቅመው ነጥብም ይህ ነው። ለመረዳት የኃይል ጥግግት የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የኃይል ጥግግት ማለት በአንድ ግራም ምግብ ውስጥ ስንት ኪሎ ካሎሪ እንዳለ የሚያሳይ ልኬት ነው። ጥጥ የሞላው ጆንያና ድንጋይ የሞላው ጆንያ ከውጭ ሲታዩ እኩል ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ሲይዝ፣ ውኃ ምንም የለውም። በውኃ የበለጸጉ አትክልቶች፣ ፍራፍሬዎችና ቀጭን ሾርባዎች ሰሃን ሞልተው ጥቂት ኃይል ሲይዙ፣ በዘይት የተጠበሱና ስኳርና ስብ የበዛባቸው ምግቦች በትንሽ ቦታ ብዙ ይይዛሉ።

ጨጓራ የሚለጠጠው በምግቡ ብዛት ስለሆነ፣ የድርሻን ተጽዕኖ ለጥቅም ማዋል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሮልስ ቡድን ሴቶችን ከዋናው ምግብ በፊት ሰላጣ እንዲበሉ አደረገ። አነስተኛ ኃይል ያለው ትልቅ ሰላጣ የበሉበት ቀን፣ ሰላጣውን ጨምሮ የምሳው ጠቅላላ ኃይል ሰላጣ ካልበሉበት ቀን በ12 በመቶ አነሰ። ሰላጣው ያው ሆኖ በቅባት ማጣፈጫና በአይብ ሲከብድ ግን ድምሩ በ17 በመቶ ጨመረ። ሁለቱም ቀን የቀረበው ትልቅ ድርሻ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው።

መጠጥ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣፋጭ መጠጥ በትልቅ ብርጭቆ ሲቀርብ ሰዎች አብዝተው ይጠጣሉ፤ በዚያ ምክንያት ግን ምግቡን አይቀንሱም። ከመጠጡ የተገኘው ኃይል በምግቡ ላይ ተደርቦ ይቀራል።

የምግብ ፍላጎት ያጣ ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ የሚያስታምም ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ገልብጦ ማንበብ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው የተከመረ ሰሃን ያስፈራል፤ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል የያዘ ምግብ፣ ደጋግሞ ቢቀርብለት ይሻላል።

ሰሃን ማሳነስ ይረዳል የሚባለውስ?

ይህ ምክር በሰፊው ቢነገርም ማስረጃው እንደሚነገርለት ጠንካራ አይደለም። የሮልስ ቡድን የሰሃንን ስፋት ብቻ ለይቶ ሲፈትሽ፣ ትንሽ ሰሃን የሚበላውን አልቀነሰም፤ ሰዎች ደግመው ማውጣት ይችሉ ነበርና። በዚህ ዘርፍ ዝነኛ ከነበሩት ተመራማሪዎች አንዱ የነበሩት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ፣ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2018 የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት እንደፈጸሙ ማስታወቁና በርካታ ጽሑፎቻቸው መሰረዛቸውም መታወቅ አለበት። በአመጋገብ ምክሮች ውስጥ ዛሬም የሚዘዋወሩ አንዳንድ ማራኪ ታሪኮች ምንጫቸው የእሳቸው ቤተ ሙከራ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የድርሻ ተጽዕኖ ግን በሌሎች ብዙ ቡድኖች ተደጋግሞ የተገኘ በመሆኑ በዚህ አይናጋም።

ነገሩን ማወቅ ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። ስለ ድርሻ ትምህርት ወይም በማስተዋል የመብላት ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች በሙከራ ሲፈተኑ፣ ብዙ ሲቀርብላቸው አሁንም አብዝተው በልተዋል። በዓይን ማታለያ ሥዕል ላይ ሁለቱ መስመሮች እኩል መሆናቸውን የሚያውቅ ሰውም አንዱ ረዝሞ እንደሚታየው ሁሉ፣ እዚህም እውቀት ስሜቱን አያጠፋውም። የሚሻለው ውሳኔውን ከመብላት በፊት ወዳለው ጊዜ ማሻገር ነው፤ ከትልቅ ማሸጊያ በቀጥታ ከመብላት ይልቅ የሚፈለገውን ለይቶ ማውጣትና ቀሪውን ከማዕዱ ማራቅ፣ ሲገዙም አነስተኛውን መምረጥ።

ሆኖም ድርሻውን የሚወስነው በላተኛው በማይሆንበት ቦታ ሁሉ የግለሰብ ጥረት ወሰን አለው። ለዚህ ነው አንዳንድ መንግሥታት እጃቸውን ለማስገባት የሞከሩት። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ምግብ ቤቶችና መሰል ቦታዎች ጣፋጭ መጠጥ ከ16 አውንስ፣ ማለትም ከ473 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚበልጥ መያዣ እንዳይሸጡ ደንብ አወጣች። ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው በፍርድ ቤት ታገደ፤ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 ውድቅ አደረገው። ፍርዱ ያተኮረው የከተማዋ የጤና ቦርድ ሥልጣኑን አልፏል በሚለው ላይ ነበር፤ ደንቡ ጤናን ይጠቅም ነበር ወይስ አይጠቅምም የሚለው ሳይፈተን ቀረ።

ድርሻው ቢቀንስ ሰው በኋላ አያካክሰውም?

በከፊል ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ቅነሳው ሰዎች «ይህማ ለአንድ ሰው አይበቃም» እስከሚሉበት ከወረደ ሌላ ፍለጋ ይነሣሉ፤ አሁንም የተለመደ በሚመስል መጠን ውስጥ ሲቆይ ግን የሚያካክሱት ከተቀነሰው ያነሰ ነው። በእንግሊዝ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ሥራ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። አነስ ያለ ድርሻ የቀረበላቸው ሰዎች በማግስቱ ያንኑ ምግብ ራሳቸው እንዲያወጡ ሲደረግ፣ ከሌሎቹ ያነሰ አወጡ፤ ከአንድ ቀን ልምድ በኋላ የልክ ስሜታቸው ወደ ታች ተንቀሳቅሶ ነበር።